ቻይ ዓሣ

እኛ ከዓሣ ጋር ያለን ዝምድና የምሳ ዝምድና ነው። ካላመናችሁ ተረትና ምሳሌያችንን አገላብጡት። “ዓሣን መብላት በብልሃት” እንላለን፤ “ዓሣ ግማቱ ከአናቱ” እንላለን። የመጀመሪያው ስለ እሾሁ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ሽታው። አንዱ ዓሣውን ሳህን ላይ አጋድሞ ያየዋል፣ ሌላው ገበያ ላይ። ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ማንንም ሳያስቸግር የራሱን ኑሮ የሚኖር ዓሣ በአነጋገራችን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ጾም በመጣ ቁጥር “ዓሣ ይበላል፣ አይበላም” እያልን ስንከራከር ዘመን ቆጥረናል፤ ዓሣው ራሱ ምን በልቶ፣ ምን ተንፍሶ እንደሚያድር ግን አጀንዳችን ሆኖ አያውቅም።

እንዲህ ባለ አገር ዓሣ ከውሻና ከድመት ተርታ ገብቶ “የቤት እንስሳ” ሲባል ሰው ትንሽ ግር ቢለው አይፈረድበትም። ቦሌ ግን የማያሳየን ነገር የለም። ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ገርጂና ወደ ሃያ ሁለት ስትገቡ፣ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያስቀምጥ ካፌ፣ ሆቴል፣ የጥርስ ክሊኒክ አይጠፋም። የጥርስ ክሊኒኩስ ይገባኛል። ተራውን የሚጠብቅ ሰው የመሰርሰሪያውን ድምፅ የሚረሳበት ነገር ያስፈልገዋል።

ይሄ ሥልጣኔ የእኛንም ቤት አንኳኳ።

የምኖረው ገርጂ ነው፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የቡፌው ብርጭቆ እርስ በርሱ ሰላምታ የሚለዋወጥበት ሠፈር። አንድ ቅዳሜ፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ የፋርማሲ ተማሪ ናት፣ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ውስጡ አንድ ዓሣ አለ። ሰውነቱ የአውራ ጣት ያህል ነው። ክንፉና ጅራቱ ግን ለሠርግ የተሰፋ ቬሎ ይመስላል፤ ሰማያዊ ነው ስትሉት ቀይ ይሆናል፣ ቀይ ነው ስትሉት ወይን ጠጅ።

“ቤታ ይባላል፣ ጋሼ” አለችኝ።

ቤታ አገሩ ታይላንድና አካባቢዋ ነው። ታይላንዶቹ “ፕላ ካት” ይሉታል፤ ነካሽ ዓሣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ሬገን የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር “ቤታ ስፕሌንደንስ” የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን “አንጸባራቂ” እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የታይላንድ መንግሥት የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ብሎ ሰየመው። እንዲህ የተከበረው ዓሣ ታዲያ ጸቡ አይጣል ነው። ሁለት ወንዶች አንድ ገንዳ ውስጥ ከገቡ ክንፍ ለክንፍ ይቦጫጨቃሉ። ስለዚህ ነጋዴዎች አንድ ባንድ እየለዩ፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ውሃና ጥቂት አየር ያለበት ትንሽ ፌስታል ይሰጡትና፣ በካርቶን ደርድረው በአውሮፕላን ወደ ዓለም ይልኩታል። ሱቅ ሲደርስም በኩባያ ተለይቶ ይደረደራል። ግዞት ከነክብሩ!

ሻጩ ለልጃችን ምን አላት መሰላችሁ? “ይሄ ዓሣ ቻይ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ይኖራል። ሞተር አይል፣ ማሞቂያ አይል። አንቺ ውሃ ብቻ ስጪው።”

“የምን ውሃ?” ብላ ጠየቀች።

“ውሃ ነዋ!” አላት።

ሻጩ ግማሹን እውነት ተናግሯል። ዓሣ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው ቀይ መተንፈሻው ነው የሚያጣራው። ቤታ ግን ከዚህ ሌላ፣ ከመተንፈሻው ከፍ ብሎ የተጣጠፈ፣ በደም ሥር የተሞላ ተጨማሪ ክፍል አለው። ወደ ላይ ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይመለሳል። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፤ የጣናውና የአዋሹ አምባዛ በዚሁ ዓይነት ዘዴ አየር ይተነፍሳል። አምባዛ በበጋ ውሃው ጎድሎ ሲጨቀይ፣ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ፣ እሱ በጭቃው ውስጥ ሰንብቶ ክረምትን የሚያየው ለዚህ ነው። የቤታም አገር ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የበዛበት፣ የሞቀ ረግረግና የሩዝ ማሳ ነው። ኦክስጅን በሚያጥርበት ጊዜ ያቺ ተጨማሪ መተንፈሻ ነፍሱን ታወጣለታለች።

እንግዲህ “በብርጭቆ ይኖራል” የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ነው። ልብ በሉ፤ ዓሣው አየር መተንፈስ ይችላል ማለት ውሃው ቢበላሽ ግድ የለውም ማለት አይደለም። ጠባብ የሆነ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎ ይበርዳል። በብርጭቆ ያለ ቤታ አፍኖት አይሞትም፤ የገዛ ቆሻሻው እያቃጠለው፣ ብርዱ እያደነዘዘው፣ ቀስ ብሎ ይሞታል። ለመሞት ረዥም ጊዜ ስለሚወስድበት ነው “ቻይ” የተባለው።

በዚያች ቅዳሜ የቤተሰብ ጉባዔ ተቀመጠ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የምን ውሃ?

ባለቤቴ የታሸገ ውሃ አለች። “ሃይላንድ ግዙለት፤ ንጹሕ ነው።” (የዚያ ውሃ ስም ዕድሜ አይገርማችሁም? የትኛውንም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ብለነው ቀረን።) የእህቴ ልጅ የሁለት ጠርሙሶችን ጽሑፍ ጎን ለጎን አነበበችልን። አንዱ ሶዲየሙ ከፍ ያለ፣ ሌላው ካልሲየሙ፤ የአሲድነት መለኪያቸውም ለየቅል። ለእኛ ሁለቱም ውሃ ናቸው። ዓሣ ግን ውሃውን የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የሚለብስ ፍጥረት ስለሆነ፣ ሱቁ ያገኘውን እያፈራረቁ ቢሰጡት በየሳምንቱ አገር እንደ መቀየር ይሆንበታል። ዋጋውን ደግሞ ተዉት።

የሕንፃችን ጥበቃ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና “መምህር፣ አምቦ ውሃ ስጡት፤ ጨጓራ ያጥባል” አሉ። አመሰገንን። ይሁን እንጂ አምቦን አምቦ ያሰኘው ጋዙ ነው፤ ያ ጋዝ ውሃውን አሲዳም ያደርገዋል፣ ለዓሣም መታፈኛ ነው።

የባትሪ ውሃ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ተንኖ የተጠራቀመ ስለሆነ ምንም የለበትም ተብሎ። ችግሩም እሱ ነው፤ ምንም የለበትም። ዓሣ ማዕድን የሌለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ የገዛ ሰውነቱ ጨው እየሟሸሸ ይወጣል። በዚያ ላይ “የባትሪ ውሃ” እያልን የምንገዛው አንዳንዱ አሲድ ስለሆነ፣ ከቤት ባይገባ ይሻላል። የዝናብ ውሃስ? እሱም ማዕድኑ የሳሳ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ አቧራውንና የወፉን ኩስ፣ አልፎም የቆርቆሮውን ዚንክ ይዞ ይመጣል፤ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። የፈላ ውሃስ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላልን ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ያም ሆኖ ጀርሙን ይገድላል። ማዕድኑን ግን አያወጣም፤ ከፊሉን ብቻ ማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ቅርፊት አድርጎ ያስቀረዋል። ለዓሣ ሲባል ግን ያን ያህል ጋዝ ማቃጠል አያስፈልግም።

የቀረው የቧንቧ ውሃ ነው። ውሃ በእኛ ሠፈር በፈረቃ ነው። ሳምንቱን ጠፍታ ሰንብታ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ሌባ ተደብቃ ትመጣለች። በእኛ ቤት ተራ አለ፤ የረቡዕና የእሑድ ሌሊት የኔ ነው። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍም እንደ ውሃው በፈረቃ ሆኗልና አይከብደኝም። በዚያ ሳምንት የመጣችውን ውሃ ቤቱን የምታግዘን ልጅ በባልዲ ቀዳች። የደቡብ ወሎ ልጅ ናት፤ ማታ ማታ ትማራለች። ባልዲውን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

“ይሄማ በረኪና በረኪና ይላል!” አለች።

አማርኛችን አንድ ነገር ድራሹ ሲጠፋ “የውሃ ሽታ ሆነ” ይላል። ውሃ ሽታ የለውም ከሚል እምነት የተወለደ አነጋገር ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ግን ጠፍቶ ሲመጣ ሽታ አለው፤ ልጅቷም ሽታውን በትክክል ለየችው። በረኪናና ቧንቧችን ውስጥ ያለው ክሎሪን ወንድማማች ናቸው። የእህቴ ልጅ ከመጽሐፏ እያነበበች አስረዳችን። የዓለም የጤና ድርጅት ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀር ይመክራል፤ ለሰው ጤና ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ለወንዝና ለሐይቅ ፍጥረታት፣ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ከ0.019 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም ይላል። አስሉት። ለእኛ ትንሹ የተባለው ለዓሣ ከጣሪያው አሥር እጥፍ ነው።

ሥራዋን አቁማ ስታዳምጥ የነበረችው ልጅ እኔን አየችኝ።

“ጋሼ፣ ዓሣውን የሚገድል ከሆነ እኛንስ ምን እያደረገን ነው?”

ብዙ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ። እንደዚህ ቀጥ ብሎ የመጣ ጥያቄ ብዙ አላስታውስም። መልስም ይገባዋል። እኛ ውሃውን እንጠጣዋለን፤ ያቺ ጥቂት ክሎሪን ከምራቃችንና ከሆዳችን ምግብ ጋር ተጣልታ እዚያው ታልቃለች። ዓሣ ግን ይተነፍሰዋል። በስስ ቆዳ ብቻ ከደሙ በተለየው መተንፈሻው ላይ ክሎሪኑ በቀጥታ ያርፍና ያቃጥለዋል። ስለዚህ “ንጹሕ ውሃ” የሚባል ለሁሉ የሚሆን ነገር የለም። ለማን የሚለው ተያይዞ መጠየቅ አለበት።

ይህን ከተማ ክሎሪን ምን ያህል እንደታደገው ለመናገር ደግሞ ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል። ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ በስዊሱ ኢልግ አማካይነት ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ሲያስገቡ አገር ጉድ ብሏል። ከዚያ በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ ለገዳዲ፣ ቀጥሎ ድሬ፣ ከዚያም የአቃቂ ጉድጓዶች መጡ። እኛ በምሥራቅ በኩል ያለነው ከለገዳዲ ጋር የቆየ ዝምድና አለን። ለገዳዲ የክረምት ጎርፍ የሚያደፈርሰው የግድብ ውሃ ነው። ጭቃው በኬሚካል ተቋጥሮ ይዘቅጣል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባበታል። ያ ክሎሪን እስከ ቤታችን ድረስ አብሮ የሚጓዝ ዘበኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጀርሲ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908 የከተማ ውሃን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ስትጀምር የዘዴው ነገር ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል። በሽታው ሲቀንስ ግን ዘዴው ዓለምን አዳረሰ። እኛም በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ውስጥ ሲገባ፣ ከሁሉ በፊት የተፈለገው ይኼው የሚሸተው ነገር ነበር።

ስለዚህ ለልጅቷ እንዲህ አልኳት፤ “ለዓሣው የምናደርገውን ለራሳችን አናደርግም።” ለዓሣው ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ፣ ሳይከደን እናሳድረዋለን፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ክሎሪኑ ተንኖ በእውነት የውሃ ሽታ ይሆናል። ለእኛ መጠጥ ግን የምናስቀምጠውን አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ እንከድነዋለን፤ ዘበኛው እንዳይሄድብን። ያደረ ውሃ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው አደጋ ነው።

ለባልዲውም ሕግ ወጣለት። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ፣ ለዓሣው ብቻ የተለየ። ማሳደር ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም። በአንዳንድ አገር ክሎሪኑን ከአሞኒያ ጋር አዋህደው ክሎራሚን ያደርጉታል፤ እሱ በአንድ ሌሊት አይተንም። ለዚህ የዓሣ ሱቆች የሚሸጡት ጠብታ አለ። ከብዙዎቹ ጀርባ ያለው ንጥረ ነገር ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ የድሮ የፒያሳ ፎቶ ቤቶች በጨለማ ክፍል ውስጥ “ሃይፖ” እያሉ ፎቶ ያጥቡበት የነበረው ነው። በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ሲጨመር ክሎሪኑን ወዲያው ያከሽፈዋል። ከዚያ በኋላ ሙቀት አለ። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የቤታችን የግድግዳ ቴርሞሜትር በሐምሌ ሌሊት 17 ያሳያል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገዛ። መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ገንዳው በኔ ጋቢ ይጠቀለላል። ጋቢ የለበሰ የታይላንድ ዓሣ ለማየት የበቃሁ ሰው ነኝ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ዓይን የማያየው ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ በጥቂቱም መርዝ ነው። ገንዳው ውስጥ ቀስ በቀስ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ሠራተኞች ተደራጅተው ሥራ እስኪጀምሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ እስከዚያው ውሃው ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ይቀየራል። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሩቡን መቀየር ይበቃል። እኛ እንደለመድነው “ላጽዳው” ብሎ ውሃውን ሁሉ ደፍቶ ገንዳውን በላርጎ መፈተግ እነዚህን ሠራተኞች ጠራርጎ ማባረር ነው። የሚወጣው ውሃ አይደፋም፤ ናይትሬት ለተክል ምግብ ነው። በረንዳችን ላይ ያሉት ጤና አዳምና በሶብላ ይሄን ቀምሰው ያሳዩት ፋፋታ ጎረቤት አስቀንቷል።

ገንዳው 20 ሊትር ነው። ቁጥሩ የሚያውቁት መሰለኝ፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። ለአንድ አውራ ጣት ለሚያህል ዓሣ አንድ ጀሪካን ውሃ! ሕሊና ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ ወስኗል፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር እንደሚያስፈልግም ይነገራል። ያንን ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ወገብ እያለ ለዓሣ ገንዳ መሙላት ቅንጦት አይደለም ወይ? ይህን ራሴን ጠይቄ፣ ሒሳቡን ሠርቼ ነው የተቀበልኩት። ገንዳው አንዴ ነው የሚሞላው፤ በሳምንት የሚቀየረው አምስት ሊትር ነው፣ እሱም ለአትክልቱ ይውላል። ይልቅ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ በታች፣ አጥሩ ማዶ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ ከተያዘው የፈሳሽ ፈንጂ ሴራ ወዲህ፣ በብዙ የዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይዞ ማለፍ ተከለከለ። እኔ በቦሌ በተጓዝኩበት ጊዜ መንገደኛው ፍተሻው ጋ ሲደርስ የያዘውን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል፤ ያልቻለው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ግማሽ ድረስ የሞላ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ። አጥሩ ማዶ ጀሪካን ተሰልፏል። ውሃ ምን ያህል እንደከበረ የሚወስነው ውሃው ሳይሆን ሰውየው የቆመበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ “ቻይ” ልመለስ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኖርኩበት ዘመን የቀረኝ አንድ በሽታ ቃል መበርበር ነው። እንግሊዝኛ አንድን ነገር ለማድረግ ችሎታ መኖርን በአንድ ቃል፣ መከራ መሸከምን በሌላ ቃል ይጠራዋል። አማርኛችን ሁለቱንም አንድ ግሥ ላይ ጭኗቸዋል። “ልጁ ሒሳብ ይችላል” እንላለን፤ “ልጁ ዱላ ይችላል” እንላለን። የመጀመሪያው ልጅ ይሸለማል፤ ሁለተኛው ልጅ ግን ሌላ ዱላ ይጨመርለታል። ሁለቱም ችለዋል። ከዚህ ግሥ “ችሎታ”ም “ቻይነት”ም ይወለዳሉ፤ እኛም ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው እናደናግራለን። የዓሣው ተጨማሪ መተንፈሻ ችሎታው ነው፤ ለክፉ ቀን የተሰጠችው። ሻጩ እጅ ሲገባ ቻይነት ተባለና የኩባያ ፍርድ ማስፈጸሚያ ሆነች።

ይሄን እያሰብኩ ሳለ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ውሃ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን! ውሃዋ ሌሊት ስትመጣ ከሥር ያለው ታንከር ይሞላል፤ ከዚያ ሰው ተነስቶ ፓምፑን ካላበራው ወደ ላይ አትወጣም፤ ካላጠፋው ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ይፈሳል። ታንከሩ ሲሞላ ራሱ የሚያበራ፣ ሮቶው ሲሞላ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ዋጋው ሲነገር ዝምታ ወረደ። ከዚያ አንድ ደህና ሰው፣ የሚከበር ሰው፣ ተነስቶ እንዲህ አለ፤

“ለምን ገንዘብ እናወጣለን? የየቤቱ ሠራተኞች በተራ ይነሱ። እነሱ ሌሊት መነሳት ለምደውታል፤ ይችሉታል።”

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ አነጋገሩ እንደ ምስጋና ነበር። “የገጠር ልጅ ቻይ ናት” ማለት እኮ በእኛ ዘንድ ሙገሳ ነው። አስተማሪውም ቻይ ነው፤ ደመወዙ ላይ እየተባለለት። እናትም ቻይ ናት። ሕዝቡም ቻይ ነው። እያንዳንዱን ባመሰገንን ቁጥር ኩባያውን እናጠብበታለን።

እጄን አወጣሁ። ስለ ዓሣው ነገርኳቸው። ሳቁ። ይሳቁ፤ ወግ ሲጀመር መሳቅ ጥሩ ነው። ከዚያ ቀን ሙሉ ቆማ የዋለች፣ ማታ ትምህርት ቤት ያመሸች ልጅ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስታ ፓምፕ ስታበራ “ችላለች” የምንለው ማንን ጠይቀን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዲት ወይዘሮ “ኧረ መምህር፣ ይሄን ያህል ማጋነን!” አሉኝ። አንድ ወጣት ግን፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ነው መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ አካፈለና “ለየቤቱ ሲደርስ እኮ የአንድ ቅዳሜ ሥጋ ቤት ሒሳብ አይሆንም” አለ። ከሥነ ምግባር ትምህርቴ ይልቅ የሱ ሒሳብ ሠራ። ድምፅ ተሰጠ፤ መቆጣጠሪያው እንዲገዛ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ከፊሉ አዋጣ፣ ከፊሉ “ወር ሲወጣ” አለ። እስካሁን ወር አልወጣም። እስኪወጣ ድረስ የኔ የረቡዕና የእሑድ ተራ እንዳለ ነው፤ ደረጃው ላይ ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ጋቢ ተከናንበው አገኛቸዋለሁ። “ደህና አደሩ፣ ጋሼ” ይሉኛል፣ ሳይነጋ።

በቀደም ሌሊት ከነሱ አንዷን “አይደክምሽም ወይ?” አልኳት። ስቃ “ምን ይደረጋል፣ ይቻላል” አለችኝ። ያንን ግሥ በምን ድምፅ እንዳለችው በጽሑፍ ማሳየት አልችልም። ከደመወዟ ላይ ግን አንድም ሣንቲም የማያስወጣትን መዋጮ እኛ ማዋጣት እንችላለን። በመጀመሪያው ትርጉሙ።